የፊት ዱቄት

ካርዲፍ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከስቱዲዮው ጀርባ፣
አንዲት ወንበር አለች በአምፖል ተከባ።
ኢድዋል ፕሮሰር ይመጣል፤ ካፖርቱን ሰቅሎ
ግንባሩን ይሰጠኛል፣ «በይ እንግዲህ» ብሎ።
«ኔስታ፣ እንዳላብለጨልጭ» ይላል፣ እንደ ጸሎት፤
ላብ ያሳብቃል ባይ ነው፣ ከምላስ በበለጠ ጉልበት።
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ ይህን ፊት ሳደርቅ፤
ታሪኩን ከአንደበቱ ሳይሆን ከቆዳው ነው የማውቅ።

መጀመሪያ የመጣው ሚኒስትር ተከትሎ ነበር፣
ቀጭን፣ የኮቱ ክርን ያለቀ፣ እርሳስ ከጆሮው ሥር።
ሴትዮዋ ወንበሬ ላይ ሆና ዓይኗን ስትኳል
እሱ ከባቡር ቲኬት ጀርባ አንድ ቃል ይጥላል፣
አንድ ቃል ያነሣል፣
አንዱን በሌላው ይፍቃል፣
ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ያስቀምጣል።
ከአሥር ደቂቃ በኋላ አገር ይሰማዋል።

«ሽግግር» እዚያ ነው የተወለደው።
እኔ አዋላጁ አይደለሁም፤ ማበጠሪያ ይዤ የቆምኩ ሰው።

በዚያ ሳምንት ኩምግላስ ላይ የብረቱ ምድጃ ሊጠፋ ነው፤
ሁለት ሺህ ሰው ሊበተን ነው።
የሴትዮዋ ወረቀት «መዘጋት» የሚል ነበረ፤
ኢድዋል አየው፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ሰረዘ፣ ቀየረ።
«አይዘጋም፤ ይሸጋገራል» አላት።
ያችን ቃል እንደ ከረሜላ በምላሷ አዟዟረቻት፤
ጣፈጠቻት።

አባቴ ያን ማታ ቴሌቪዥኑን ሲያይ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ፊት የቆመ፣ ቅንድብ አልባው ፊቱ ላይ
ምንም አልታየም።
እናቴን ብቻ ጠየቃት፦ «ወዴት ነው የምንሸጋገር?»
እሷም አላወቀችም። ድንች እየላጠች ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያቺ ቃል አገር ዞረች፤
ሆስፒታል ሲታጠፍ ተጠራች፣ ትምህርት ቤት ሲቆለፍ ደረሰች፣
የአውቶቡስ መስመር ሲቋረጥ ምስክር ሆና ቀረበች።
እሱም በእሷ ትከሻ ወጣ፤
አለቃ ሆነ፤ ባሕሩን የሚያይ ቢሮ መጣ።
ሚኒስትሯ ስትወድቅ እሱ አልወደቀም፤
መሰላል ያዥ፣ የወጣው ሲወድቅ፣ እሱ አይሰበርም።

ከዚያ ተንታኝ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ
የሌሎችን ቃል ያበጥራል፣ በለስላሳ ፈገግታ፦
«ይህን ያሉት ያንን ለመሸፈን ነው» ይላል፤
ራሱ ያስተማራቸውን ቋጠሮ ራሱ በጥርሱ ይፈታል፤
ይከፈለዋል። ለማሰሩም ተከፍሎት ነበር።
ጉንጩ ሞላ። ጸጉሩ ሳሳ። ግንባሩ ላይ ሦስት መስመር።

ባለፈው ኖቬምበር፣ ዝናብ መስኮቱን ሲደበድብ፣
ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ አልነበረም የሚነበብ።
ዓይኑ አብጧል። «አባቴ» አለኝ። ጠበቅሁት።
«አባቴ ትናንት...» ቃል ፈለገ። ሲፈልግ አየሁት፤
እንደ ድሮው፣ እንደዚያ የባቡር ቲኬት ጀርባ፣
አንዱን አነሣ፣ አንዱን ጣለ፤ የትኛውም አልገባ።
«ተለየን። አይ... ዐረፈ።»
እንባው ዱቄቴን መሐል ለመሐል ቀደደው፣ አለፈ።

የእሱ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር።
«ተሸጋገረ?» ልለው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሲቀር
ብሩሼን ጥጥ ላይ ጠረግሁ።
«ሞተ?» አልኩት።
«ሞተ፣ ኔስታ።
ሞተ።»
እንደ ሕፃን ነበር ያለው፣ ፊደል እንደሚቆጥር።

«ሁለት ደቂቃ!» አለ የበሩ ልጅ። የተቀደደውን ደፈንኩ፤
እሱ ገባ፤ እኔ ከኮሪደሩ ትንሽ ስክሪን ፊት ቆምኩ።
አዲስ መግለጫ ወጥቶ ነበር፣ ስለ አንድ ወደብ፤
«የሽግግር ዕቅድ ይላል፤ እንዴት ነው የሚነበብ?»
አለችው አቅራቢዋ።
ዝም አለ።
አራት ሴኮንድ፤ ለቴሌቪዥን እንደ ሁዳዴ ይረዝማል።
«ይዘጋል ማለት ነው» አለ። «ሰው ይባረራል።»
ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ክራቫቱን አቃና፣
«ሦስት ነጥቦች አሉ» ብሎ ቀጠለ እንደገና።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ካፖርቱ ከመስቀያው ይንጠባጠባል።
ስለ ኩምግላስ፣ ስለ አባቴ ቅንድብ፣ ነግሬው አላውቅም፤ ማን ያውቃል፣
አንድ ቀን...
አገጩን ቀና አደረገ።
«ኔስታ፣ እንዳላብለጨልጭ።»
እሺ።